ኢታብስና ትርፍ አቅም፦ ፕሮግራሙ የሚሠራልንና ለእኛ የሚተወው

አዲስ አበባ ውስጥ የስትራክቸር ዲዛይን በሚሠራበት ቢሮ ኢታብስ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ማግኘት ይከብዳል። የካሊፎርኒያው ሲኤስአይ ኩባንያ የሚያወጣው ይህ ፕሮግራም ሕንፃን ለመሬት መንቀጥቀጥ ጭነት በመተንተን ረገድ አስተማማኝ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። እዚህ የምንመዝነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዩሮኮድ 8 የተወሰደው የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ኮድ ኢኤስ ኢኤን 1998 የሚጠይቀውን ኦቨርስትሬንግዝ፣ በአማርኛ ትርፍ አቅም ልንለው የምንችለውን (አንድ አካል ከታሰበለት በላይ ያለውን ጥንካሬ)፣ ፕሮግራሙ የት ድረስ ይከታተልልናል? ቢምና ኮለን ላይ ትክክለኛውን ፌሮ ከነገርነው በደንብ ይከታተላል። ሶሌታ ላይ ትኩረቱ ይላላል። ፉቲንግ፣ ማለትም የኮለኑ መሠረት፣ ላይ ሲደርስ ጨርሶ እጁን ያነሳል።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ እየተነሳ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ብዙ የሕንፃ ባለቤቶችን ወደ ኢንጂነር ቢሮ አምጥቷል። አሁን የምንሠራበት ኮድ ለአዲስ አበባ የሚሰጠው የመሬት ፍጥንጥነት 0.1ጂ (ከስበት ፍጥንጥነት አንድ አሥረኛ) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የቀድሞ ኮድ ኢቢሲኤስ 8 ከነበረው 0.05ጂ እጥፍ ነው።

መነሻ ሐሳቡን እናስቀምጥ። ለብዙ ፎቅና ብዙ ቤይ (በኮለኖች መካከል ያለ ክፍተት) ፍሬም በመካከለኛ ዳክቲሊቲ (ሳይሰበሩ የመታጠፍ ችሎታ)፣ ማለትም በዲሲኤም፣ የመንቀጥቀጡን ኃይል የሚያካፍለውን ኪው ፋክተር 3.9 ብለን ስንገባ ኃይሉን በአራት ገደማ አካፍለናል ማለት ነው። ያ ቅናሽ በነፃ አልተሰጠንም። ሕንፃው ጠንከር ያለ መንቀጥቀጥ ሲመጣ የቢሞቹ ጫፍ ሂንጅ (ማጠፊያ) ሠርቶ እንዲታጠፍ ተስማምተናል። ታዲያ ኮለኑ፣ ቢሙና ኮለኑ የሚገናኙበት ጆይንትና ፉቲንጉ መቋቋም ያለባቸው ትንተናው የሰጠውን ቁጥር ሳይሆን ቢሙ ሲታጠፍ በእርግጥ የሚያስተላልፈውን ኃይል ነው። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሮበርት ፓርክና ቶማስ ፓውሌይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበሩት ካፓሲቲ ዲዛይን ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ቢሙ ከታሰበው በላይ ሲጠነክር ደስ ሊለን አይገባም፤ ያ ትርፍ ጥንካሬ ኮለኑ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ሸክም ነው።

መጀመሪያ የሚስተካከሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። በዩሮኮድ 8 የጭነት ገጽ ላይ ያለው የአገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያን ስለማይጨምር ሲኢኤን ዲፎልት መርጣችሁ የመሬት ፍጥንጥነቱን፣ የአፈሩን ዓይነትና ኪውን ራሳችሁ ታስገባላችሁ። ሕንፃው ወደ ላይ ሲሄድ ወጥ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ምድር ቤቱ ባዶ ሱቅ ሆኖ ከላይ ሁሉም በብሎኬት ከተሞላ፣ ኪው በ20 በመቶ ይቀንሳል፤ 3.9 ወደ 3.12 ይወርዳል። ይህንን ቅናሽ ፕሮግራሙ አያውቀውም፤ ሕንፃው ወጥ መሆን አለመሆኑን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ቀጥሎ ኮንክሪት ዲዛይን ውስጥ የእያንዳንዱ ቢምና ኮለን ፍሬሚንግ ታይፕ ዲሲ ሃይ (ከፍተኛ ዳክቲሊቲ፣ ዲሲኤች)፣ ዲሲ ሚዲየም (ዲሲኤም) ወይስ ሌላ መሆኑን አረጋግጡ። ኪውን በዲሲኤም አስገብቶ ዲዛይኑን በዲሲ ሎው (ዝቅተኛ) መጨረስ የሚታይ ስህተት ነው፤ ውጤቱ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ ከአካሉ የመታጠፍ አቅም የሚነሳው የካፓሲቲ ሸር (ቆራጭ ኃይል) ስሌት ግን ጨርሶ አልተሠራም።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ኢታብስ የሚሠራው ሥራ ጥሩ ነው። የቢሙን ሸር ከጫፎቹ የሞመንት (የመታጠፍ) አቅም ተነስቶ ያወጣዋል፤ ማባዣው ለዲሲኤም 1.0፣ ለዲሲኤች 1.2 ነው። ለኮለን 1.1 እና 1.3 ይሆናል። የኮለንና የቢም አቅም ንጽጽሩንም ያሳያል፦ በአንድ ጆይንት ላይ የኮለኖቹ ድምር ከቢሞቹ ድምር ቢያንስ 1.3 እጥፍ መሆን አለበት። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ላይ ይህንን በእጅ መሥራት ቀናት ይፈጃል። ለዚህ ብቻ እንኳ ፕሮግራሙን መያዝ ተገቢ ነው።

ችግሩ ያለው ፕሮግራሙ የቢሙን አቅም የሚያሰላበት ፌሮ ላይ ነው። ቢሙን «ዲዛይን አድርግልኝ» ብላችሁ ከተዋችሁት የሚጠቀመው የሚያስፈልገውን ፌሮ እንጂ ድራፍተሩ የሚሥለውን አይደለም። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ቢም 300 በ500 ሚሜ፣ ውጤታማ ጥልቀቱ 450፣ ፌሮ 500 ሜጋፓስካል። በውስጠኛ ጆይንት ላይ ኢታብስ ከላይ 850፣ ከታች 500 ካሬ ሚሜ ጠየቀ እንበል። አቅማቸው በግምት 150 እና 88 ኪሎኒውተን ሜትር ነው፤ ድምሩ 238፣ በ1.3 ሲባዛ 309። ኮለኑ ከላይና ከታች እኩል ከተካፈለው ለእያንዳንዱ 155 ገደማ ይደርሳል። ድራፍተሩ ግን ከላይ 5 ባለ 16 ሚሜ፣ ከታች 3 ባለ 16 ሚሜ ፌሮ አስቀመጠ፤ 1005 እና 603 ካሬ ሚሜ። አቅሙ 177 እና 106 ሆነ፣ ድምሩ 283፣ በ1.3 ሲባዛ 368፣ ለእያንዳንዱ ኮለን 184።

አሁን ሶሌታውን ጨምሩ። ኮዱ በቢሙ ውጤታማ ፍላንጅ (ከቢሙ ጋር አብሮ በሚሠራው የሶሌታ ክፍል) ውስጥ ያለና ከጆይንቱ ፊት አልፎ የታሰረ የሶሌታ ፌሮ በቢሙ አቅም ላይ እንዲደመር ያዛል። የብሎኬት ሶሌታ ላይ 60 ሚሜ ቶፒንግ (ከብሎኬቱ በላይ የሚፈስ ኮንክሪት) ቢኖርና በሌላው አቅጣጫም ተመሳሳይ ቢም ቢያልፍ፣ ለ400 ሚሜ ኮለን ውጤታማው ስፋት 880 ሚሜ ይመጣል። ከቢሙ ስፋት ውጪ ባለው 580 ሚሜ ውስጥ ባለ 8 ፌሮ በየ200 ሚሜ ከተነጠፈ 146 ካሬ ሚሜ ያህል ነው፤ ይህ ብቻ 26 ኪሎኒውተን ሜትር ይጨምራል። የቢሞቹ ድምር 309፣ በ1.3 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ኮለኑ ላይ የሚደርሰው 201 ሆነ። ከ155 ተነስተን 201 ደረስን፤ 30 በመቶ ጭማሪ። ኢታብስ ግን ስለዚህኛው የሶሌታ ፌሮ ምንም አይነግራችሁም።

ኮለኑስ? 400 በ400፣ 8 ባለ 16፣ ኮንክሪት ሲ25/30፣ የቁም ጭነት 1100 ኪሎኒውተን ቢሆን አቅሙ 185 ገደማ ነው። በፕሮግራሙ ስሌት ተረፈው፤ በተሣለው ፌሮ ጫፍ ላይ ቆመ፤ ሶሌታው ሲደመር ወደቀ። ወደ 8 ባለ 20 ቢቀየር ወደ 229 ይጠጋና ጉዳዩ ያልቃል። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አስቀድሞ ለሚያየው ሰው።

መፍትሔው ፕሮግራሙ ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው ግን አይከፍተውም። በቢሙ ሴክሽን የፌሮ ገጽ ላይ ለዳክታይል ቢም ከላይና ከታች፣ በግራና በቀኝ ጫፍ የሚቀመጠውን የፌሮ ስፋት በካሬ ሚሜ የምታስገቡበት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ዲዛይን ካለቀና ፌሮው በቁጥር ከተወሰነ በኋላ እዚያ የተሣለውን አስገቡ፤ የሶሌታውን ድርሻም በላይኛው ላይ ደምሩ። ኮለኖቹን ደግሞ ከ«ዲዛይን» ወደ «ቼክ» ቀይሩና የተሣለውን ፌሮ ስጧቸው። እንደገና አስኪዱት። ይህ ሁለተኛ ዙር ካልተደረገ የ1.3ቱ ሪፖርት ስለሌላ ሕንፃ የተጻፈ ሪፖርት ነው።

አሁን ወደ መሠረቱ። የግምገማችን ትልቁ ቅሬታ እዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን የፕሮግራሙ ሳይሆን ፕሮግራሙን እንደ ሙሉ ሰንሰለት የምንቆጥረው የእኛ ነው። ኢታብስ የኮለን ሥር ሪአክሽንን (ወደ መሠረቱ የሚወርደውን ኃይል) በትንተናው መሠረት ወደ ሴፍ፣ ወደ ኩባንያው የመሠረት ዲዛይን ፕሮግራም፣ ይልካል። ኮዱ ግን ፉቲንግ የሚሠራው በትንተናው ኃይል አይደለም ይላል፦ ከስበት የመጣው እንዳለ ይወሰዳል፣ ከመንቀጥቀጥ የመጣው ግን በጋማ አርዲና በኦሜጋ ይባዛል። ጋማ አርዲ ኪው እስከ 3 ከሆነ 1.0፣ ከዚያ ካለፈ 1.2 ነው። ኦሜጋ የኮለኑ ሥር የሞመንት አቅም ለዲዛይን ሞመንቱ ሲካፈል ነው፤ በሁለቱ አቅጣጫ ትንሹ ይወሰዳል፣ ከኪውም አይበልጥም።

ያንኑ ኮለን እንውሰድ። ሥሩ ላይ 8 ከስበት፣ 92 ከመንቀጥቀጥ፣ ድምሩ 100 ኪሎኒውተን ሜትር። አቅሙ 185 ስለሆነ ኦሜጋ 1.85፤ ኪው 3.9 ስለሆነ ጋማ አርዲ 1.2፤ ብዜቱ 2.22። 92ቱ ወደ 204 ያድጋል፣ ከ8ቱ ጋር 212። ሁለት ሜትር ከ20 ካሬ ፉቲንግ በ1100 ኪሎኒውተን ላይ ይህንን ሞመንት ሲሸከም ከዳር ያለው ግፊት ከ284 ወደ 347 ኪሎፓስካል ይወጣል፤ የፉቲንጉ የራሱ ክብደትና የመንቀጥቀጡ የቁም ጭነት ሳይደመር። የፓንቺንግ ሸሩ (ኮለኑ ፉቲንጉን ሊበሳ የሚችልበት ኃይል) እና የታችኛው ፌሮም በዚሁ 212 መፈተሽ አለበት። ኮለኑን ከ8 ባለ 16 ወደ 8 ባለ 20 ስናሳድግ ኦሜጋም አብሮ ወደ 2.29 እንደሚያድግ ልብ በሉ። ላይ የተጨመረ ፌሮ ታች ሒሳብ ይጠይቃል።

ራፍት (ከሕንፃው ሥር የሚዘረጋ አንድ ወጥ የመሠረት ሶሌታ) ወይም ብዙ ኮለን የሚሸከም የመሠረት ቢም ከሆነ ለእያንዳንዱ ኮለን ኦሜጋ መፈለግ አያስፈልግም። ኮዱ ትልቁን አግድም ሸር የሚሸከመውን አንድ ኮለን ወይም ግድግዳ ኦሜጋ ለሁሉም እንድትጠቀሙ ይፈቅዳል፤ ወይም ኦሜጋን 1 አድርጋችሁ ጋማ አርዲን 1.4 ትወስዳላችሁ። ለአዲስ አበባ ጂ+7 እና ጂ+10 ሕንፃዎች፣ ራፍት በብዛት በሚመረጥበት፣ ይህ 1.4 ሥራውን በጣም ያቀለዋል። ኢታብስ ውስጥ አፈጻጸሙ ቀላል ነው፦ የመንቀጥቀጡ ኬዝ 1.4 ተባዝቶ የገባበት ለመሠረት ብቻ የሚያገለግል የተለየ ኮምቢኔሽን ፍጠሩ፣ ስሙን ግልጽ አድርጉት፣ ወደ ሴፍ የሚሄደው እሱ ብቻ ይሁን። ለቢምና ለኮለን ዲዛይን በፍጹም እንዳይመረጥ።

ሶሌታውን እንደ ዳያፍራም፣ ማለትም አግድም ኃይልን ወደ ኮለንና ግድግዳ እንደሚያስተላልፍ አካል፣ ስንመለከት ሌላ የሚደበቅ ነገር አለ። ዳያፍራሙ ሪጂድ (ፍጹም ግትር) ተብሎ ከተመደበ በውስጡ ያለ ቢም የአክሲያል (በርዝመቱ የሚስበው ወይም የሚገፋው) ኃይሉ ዜሮ ይሆናል፤ ኃይሉ ስለሌለ አይደለም፣ ነጥቦቹ አንዳቸው ከሌላው እንዳይራራቁ ስለታሰሩ ነው። ሸር ዎል (አግድም ኃይል የሚሸከም የኮንክሪት ግድግዳ) ወደሚገኝበት ጥግ ኃይል የሚሰበስበው ቢም በዚህ ምክንያት ያለ አክሲያል ይሣላል። ሴሚ ሪጂድ አድርጋችሁ ሶሌታውን በሼል ሜሽ ከፋፍሉና ኃይሉን አንብቡ፤ ከዚያ ሸር ለሚሰብረው 1.3፣ ለሚሳበው ፌሮ 1.1 ትርፍ አባዙ። የደረጃው ቀዳዳ አጠገብ የሚያልፍ ቀጭን ሶሌታ ካለ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ።

ሸር ዎል ላይ በዲሲኤም ኮዱ የትንተናውን ሸር በ50 በመቶ እንድናሳድግ ያዛል። የምንመክረው ፍተሻ አጭር ነው፦ የዎል ዲዛይን ውጤት ላይ የተጻፈውን ሸርና የትንተናውን ሸር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ 1.5ቱ አልገባም፤ እናንተ አስገቡት።

ማንም ፕሮግራም የማያድነው ጉድለት ደግሞ አጭር ኮለን ነው፤ አገራችን ውስጥ በየመንገዱ ይታያል። የኮለኑ ነፃ ቁመት 2.6 ሜትር ሲሆን የካፓሲቲ ሸሩ በ185 አቅም 157 ኪሎኒውተን ገደማ ነው። አርክቴክቱ በኮለኖቹ መካከል የብሎኬት ግድግዳ አቁሞ ከላይ አንድ ሜትር ለመስኮት ክፍት ሲተው ግን ኮለኑ የሚታጠፈው በዚያ አንድ ሜትር ውስጥ ብቻ ነው፤ ሸሩ ወደ 407 ይዘላል። 2 እግር ያለው ባለ 8 ስታፋ በየ100 ሚሜ፣ ኮዱ በሚፈቅደው በጣም ለጋሱ ማዕዘን ቢሰላ እንኳ ከ344 አያልፍም። ኢታብስ ግድግዳውን ስላላየው 157 ብሎ ያልፋል። የደረጃው ግማሽ ፎቅ ላይ የሚገባ ቢምም ያንኑ ያደርጋል። ለነዚህ ኮለኖች ሸሩን በእጅ አስሉ፣ ወይም ግድግዳውን ከኮለኑ በክፍተት ለዩት። ሁለተኛው ይሻላል፤ ስታፋ እያጠበቁ መሄድ የሆነ ቦታ ላይ ኮንክሪት የማይፈስበት ይሆናል።

ብረት ለሚሠሩ አጭር ማስታወሻ። በዩሮኮድ 3 ዲዛይን ውስጥ ሲስተም ኦሜጋ የሚባል ሳጥን አለ፤ የሚሞላው ከእናንተ ነው። ሰያፍ ብሬስ ባለው ፍሬም መጀመሪያ ብሬሶቹን ምረጡ፣ የእያንዳንዱን አቅም ለኃይሉ አካፍሉ፣ ትንሹን ውሰዱ። ትልቁ ከትንሹ ከ25 በመቶ በላይ ከራቀ የላይኛው ፎቅ ብሬስ በዝቷልና ቀንሱት። ትንሹ 1.6 ቢሆን የኮለኑ የመንቀጥቀጥ ኃይል በ1.1፣ በ1.25 እና በ1.6 ተባዝቶ 2.2 እጥፍ ይሆናል። ሳጥኑ 1 ሆኖ ከቀረ ኮለኑ ባልታሰበ ጭነት ይታጠፋል፣ ብሬሱ ግን ደህና ቆሞ ይቀራል፤ የፈለግነው ተቃራኒውን ነበር።

በአሜሪካ ኮድ ከሚያስተምሩ ቪዲዮዎች የሚመጣ ግራ መጋባትም አለ። በኤኤስሲኢ 7 ኦሜጋ ዜሮ የሚባለው ከሠንጠረዥ የሚነበብ ቋሚ ቁጥር ነው፤ ለስፔሻል ሞመንት ፍሬም 3። ለኮሌክተር (ኃይል ለሚሰበስብ ቢም)፣ ከላይ የተቋረጠ ግድግዳ ለሚሸከም ኮለንና ለመሳሰሉት ብቻ ይገባል፣ ሲገባም የሪደንዳንሲ ፋክተሩ (ለአማራጭ የኃይል መንገዶች የሚሰጠው ማባዣ) 1 ይሆናል። የኛ ኮድ እንዲህ ያለ ቋሚ ቁጥር የለውም፤ ኦሜጋ ከራሱ ከሕንፃው ይሰላል። ያንን 3 አምጥቶ ኢኤስ ኢኤን ኮምቢኔሽን ውስጥ መክተት ፉቲንጉን ያለአግባብ ያሳድጋል፣ 1.3ቱንና የሶሌታውን ነገር ግን አይተካም።

ስለ ፌሮው ጥራት አንድ ነገር እንጨምር። ትርፍ አቅም ከድራፍተር ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካም ይመጣል። ዲሲኤች ክላስ ሲ ፌሮ ብቻ ይቀበላል፤ ይህም የመሰበሪያው ጥንካሬ ከመለጠጫው ከ1.15 እስከ 1.35 እጥፍ፣ ልጠቱም ቢያንስ 7.5 በመቶ የሆነው ነው። የፌሮው እውነተኛ ጥንካሬም ከተጻፈው ከ25 በመቶ በላይ እንዳያልፍ ይጠይቃል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤት ላይ «ከ500 በላይ ነው፣ አልፏል» ብሎ መፈረም አይበቃም። 650 የሚያወጣ ፌሮ ለቢም ከመጣ ኮለኑ ላይ የሠራነው ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል።

በተመሳሳይ ምክንያት ድሮዊንጉ ላይ የምትጽፉት ማስታወሻ ከኢታብስ ሪፖርት እኩል ክብደት አለው። ባለ 14 ፌሮ ገበያ ላይ ሲጠፋ ሳይቱ ላይ ባለ 16 በቁጥር እኩል ይተካል፤ «አበዛነው እንጂ አልቀነስነውም» ይባላል። ከ154 ወደ 201 ካሬ ሚሜ፣ 31 በመቶ ጭማሪ ነው፤ በቢሙ ጫፍ ላይ ሲሆን ይህ የኮለኑን 1.3 እንዳለ ይበላዋል። ስለዚህ በቢም ድሮዊንግ ሉህ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ የቢም ጫፍ ፌሮ በዓይነትም በቁጥርም ያለ ዲዛይነሩ ፈቃድ አይጨመርም፤ ባለ 14 ከጠፋ ቁጥሩ ተቀንሶ በስፋቱ እኩል ይተካ፤ የተተካው ወደ ቢሮ ይላክና ኮለኑ እንደገና ይፈተሽ።